ዊንዶውስ 10 ካበቃ በኋላ አሮጌው ላፕቶፕ ይጣላል ወይ?
የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ወር ለዓምዱ ከደረሱት ደብዳቤዎች የሚበዙት ከአሮጌ ኮምፒውተር ወደ አዲስ ስለመሸጋገር የሚጠይቁ ናቸው። ከመካከላቸው የብዙ አንባቢያንን ችግር ይወክላሉ ያልኳቸውን መርጫለሁ። ሰዎች በችኮላ ገንዘብ ሲያወጡ፣ ይባስ ብሎም በዚያው ችኮላ የዓመታት ፋይላቸውን ሲያጡ ማየት ስለሚያሳዝነኝ፣ በየመልሱ ውስጥ መጀመሪያ ለፋይሉ፣ ቀጥሎ ለዕቃው ማሰብ እንደሚገባ ደጋግሜ ማንሳቴ አይቀርም።

«በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሂሳብ መምህር ነኝ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ እየሠራሁበት ነው፤ ኮር አይ5 ስድስተኛ ትውልድ፣ ራሙ 4 ጂቢ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጂቢ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እንዳበቃ የሚገልጽ መልእክት ይመጣብኛል። አንድ ባለሙያ ‹ከእንግዲህ አይሠራም፣ ዊንዶውስ 11ንም አይቀበልም፣ ሸጠህ አዲስ ግዛ› አለኝ። እውነትም ለመከፈት ብዙ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ሁለት ፋይል በአንድ ጊዜ ስከፍትም ስታክ ያደርጋል። የምሠራበት ፈተና ለማዘጋጀትና የተማሪዎችን ውጤት ለመመዝገብ ነው። ምን ይመክሩኛል?»
መምህር፣ ከባሕር ዳር

ውድ መምህር፣ ባለሙያው ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን ቀላቅሎ ነው የነገረዎት። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ማብቃት አንድ ነገር ነው፤ የላፕቶፕዎ መንቀራፈፍ ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው የሁለተኛው ምክንያት አይደለም።

ዊንዶውስ 10 ለሕዝብ የቀረበው በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ነፃ ድጋፉን ያቆመው ከአሥር ዓመት በኋላ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። የቆመው በየወሩ ይላክ የነበረው የደኅንነት ማሻሻያ እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም። ላፕቶፕዎ ትናንት እንደተከፈተ ነገም ይከፈታል፤ ኤክሴሉም ወርዱም ይሠራሉ። አደጋው በዝግታ የሚመጣ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ በሲስተሙ ውስጥ የሚገኙ አዳዲስ ቀዳዳዎች ሳይደፈኑ ስለሚቀሩ፣ ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ቁጥርና የማይታወቅ ፍላሽ በተሰካበት ቁጥር ተጋላጭነቱ ከወር ወደ ወር እየጨመረ ይሄዳል።

ለዚህም ቢሆን ጊዜያዊ መፍትሔ አለ። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የደኅንነት ማሻሻያውን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚያራዝም አገልግሎት አዘጋጅቷል። ዋጋው 30 ዶላር ቢሆንም፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ከአካውንቱ ጋር ሲንክ ለሚያደርግ ሰው ያለ ክፍያ ይሰጣል። ከአገር ውስጥ በዶላር መክፈል ለአብዛኛው ሰው አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ለእርስዎ የሚበጀው ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ዊንዶውስ አፕዴት የሚለውን ሲከፍቱ የምዝገባውን ማስፈንጠሪያ ያገኙታል። ካላገኙት ዊንዶውስዎ የመጨረሻው የ22ኤች2 እትም ላይ አልደረሰም ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ መጀመሪያ ያንን አፕዴት ያድርጉ።

ዊንዶውስ 11ን በተመለከተ ባለሙያው ልክ ነው። ማይክሮሶፍት ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በመደበኛነት የሚቀበለው በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ በስተቀር ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው፤ በዚያ ላይ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ፍተሻውን አልፈው በግድ የሚጭኑ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ማይክሮሶፍት እንዲህ ላሉ ኮምፒውተሮች ማሻሻያ የመላክ ግዴታ እንደሌለበት አስቀድሞ ስላስታወቀ፣ የተማሪዎች ውጤት በሚመዘገብበት ኮምፒውተር ላይ ይህን እንዲያደርጉ አልመክርም። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ፈቃዱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ ዊንዶውስ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ብዙዎቹ የክራክ ፕሮግራሞች ከመጫናቸው በፊት አንቲቫይረሱን እንድናጠፋ የሚጠይቁ ናቸው፤ ዘብ ካልተነሣ አልገባም የሚል ፕሮግራም ምን ይዞ እንደሚገባ ማንም ዋስትና ሊሰጥዎት አይችልም።

አሁን ወደ መንቀራፈፉ እንምጣ፤ የዕለት ተዕለት ሥቃይዎ እሱ ነውና። ኮምፒውተሩን ከፍተው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች በአንድ ላይ ይጫኑ። በሚመጣው ታስክ ማናጀር ላይ ዲስክ የሚለውን ዓምድ ይመልከቱ። ምንም ሳይሠሩ 100 በመቶ ላይ ቆሞ ከቀረ፣ ኮምፒውተሩን የሚያንቀራፍፈው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ሃርድ ዲስኩ ነው። በላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው የተለመደው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ ወዲያ ወዲህ የሚል ክንድ ያለው ዕቃ ነው። ዊንዶውስ ሲከፈት በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ስለሚያነብ፣ ክንዱ ለእያንዳንዱ ፋይል ቦታ እየቀየረ ጊዜ ይበላል። በሃርድ ዲስክ ቦታ የሚገባው ኤስኤስዲ የሚባለው ማስቀመጫ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ፋይሉ የትም ይሁን የት ለማግኘት የሚፈጅበት ጊዜ ከሚሊሰከንድ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይረው ራሙን ወደ 8 ጂቢ ቢያሳድጉ፣ ይኸው ላፕቶፕ ለሚሠሩት ሥራ ከበቂ በላይ ይሆናል። ወጪውም ከአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ራም ከመግዛትዎ በፊት ግን ያስከፍቱት፤ በዚያ ትውልድ ላፕቶፖች ውስጥ ዲዲአር4 የሚቀበሉም ዲዲአር3 የሚቀበሉም ስላሉና አንዱ በሌላው ቦታ ስለማይገባ፣ የነበረውን አውጥቶ ጽሑፉን አንብቦ መግዛት ከክርክር ያድናል።

ጥገና ቤት ከመሄድዎ በፊት ፈተናዎቹንና ውጤቶቹን ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ይገልብጡ፤ አንዱ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ሌላው እንደ ጉግል ድራይቭ ያለ የኢንተርኔት ማስቀመጫ ቢሆን ይመረጣል። «ፎርማት ላድርገው?» ለሚል ጥያቄ አዎ ብሎ መመለስ የሚቻለው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። የወጣውን አሮጌ ሃርድ ዲስክም ተቀብለው ይዘው ይሂዱ። ፋይልዎ ያለው እሱ ላይ ነው፤ ሃርድ ዲስክን በዩኤስቢ ለማገናኘት በሚያገለግል ርካሽ ካቨር ውስጥ ሲገባም ጥሩ መጠባበቂያ ይሆናል።

ከጥቅምት 2019 በኋላ ምን ይደረግ ለሚለው፣ በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነውን ሊነክስ ሚንትን ከአሁኑ እንዲሞክሩት እመክራለሁ። ነፃ ነው፤ አሠራሩ ለዊንዶውስ ተጠቃሚ እንግዳ አይሆንም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጭኑትም ከፍላሽ አስነሥተው ሊያዩት ይችላሉ። አብሮት የሚመጣው ሊብሬ ኦፊስ የወርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል። ከባድ ፎርሙላ ወይም ማክሮ ያለባቸው የኤክሴል ፋይሎች ላይ ግን ልዩነት ሊፈጠር ስለሚችል፣ የውጤት መመዝገቢያዎን ከፍተው ድምሩና አማካዩ ትክክል መሆኑን ሳያረጋግጡ አይሸጋገሩ።

«አባቴ በሕይወት ሳለ የአካባቢያችንን ታሪክና የዘር ሐረጋችንን በኮምፒውተር አስተይቦ አስቀምጦ ነበር። ፋይሎቹን ከአሮጌው ዴስክቶፕ ወደ አዲስ ላፕቶፕ ገልብጬ ስከፍታቸው ግን አማርኛው ጠፍቶ የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ብቻ ይታያሉ። ፎንቱን ወደ ኒያላ ብቀይረውም ለውጥ የለውም። ቫይረስ በልቶት ይሆን? አሮጌው ኮምፒውተር ከተበላሸ ሰንብቷል።»
ልጃቸው፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ ቫይረስ አይመስለኝም፤ የአባትዎ ጽሑፍም የጠፋ አይመስለኝም። ሌላ ምንም ከመሞከርዎ በፊት ግን ፋይሎቹን እንዳሉ ገልብጠው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ፣ ኒያላ ያደረጉበትን ፋይል ደግሞ ሴቭ ሳያደርጉ ይዝጉት። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዊንዶውስ ላይ አብሮ የሚመጣ የአማርኛ ፎንት የተገኘው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ገበያ ላይ ከዋለው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው፤ ያም ኒያላ ነበር። ከዚያ በፊት፣ በብዙ መሥሪያ ቤቶችና ጽሕፈት ቤቶችም ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው በአገር ውስጥና በውጭ አገር ያሉ ባለሙያዎች በየግላቸው ባዘጋጇቸው የግዕዝ ፕሮግራሞች ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች የላቲን ፊደላትን ቦታ ወስደው የግዕዝ ፊደል ምስል ያስቀምጡበት ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ፊደል ወይም ምልክቱን ነው፤ ዐይናችን አማርኛ የሚያየው ፎንቱ ስለተጫነ ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስር ያለው ላቲን ይገለጣል። እርስዎ ያዩት ይህንን ነው።

ጉዳዩን የሚያወሳስበው ሌላ ነገር አለ። የያኔው አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ምልክት ነበር። የአማርኛ ፊደል ግን 33ቱ በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ፊደላቱ፣ ሥርዓተ ነጥቡና የግዕዝ ቁጥሮቹ ሲጨመሩበት ቦታው አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዶቹ አዘጋጆች ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ፎንቶች አከፋፈሉት። በእንዲህ ያለ ሰነድ ውስጥ አንድ ቃል ብቻውን ከሁለት ፎንቶች ፊደል ሊወስድ ይችላል። ሙሉውን ጽሑፍ መርጠው ፎንቱን ወደ ኒያላ ሲቀይሩት የትኛው ፊደል ከየትኛው ፎንት እንደመጣ የሚናገረው መረጃ ይደመሰሳል። ያንን ሴቭ ካደረጉት በኋላ ትክክለኛው ፎንት ቢገኝ እንኳ ጽሑፉ ሊመለስ አይችልም። የብዙ ቤተሰብና የብዙ ደብር ሰነድ የተበላሸው በዚህች አንዲት ስሕተት ስለሆነ፣ ይህን መልስ የሚያነብ ሁሉ ለሚያውቃቸው ሰዎች እንዲነግርልኝ እለምናለሁ።

መፍትሔው እንደሚከተለው ነው። ያልተነካውን ፋይል በወርድ ከፍተው አንዱን ቃል ይንኩና ከላይ ባለው የፎንት ሳጥን ውስጥ የተጻፈውን ስም ይመልከቱ። ፎንቱ ባይጫንም ስሙ እዚያው ተጽፎ ይቆያል። በሰነዱ የተለያዩ ቦታዎች ላይ ደጋግመው እየነኩ ያገኟቸውን ስሞች ሁሉ ይመዝግቡ። ከዚያ በኋላ በዚያ ዘመን ይሠሩ የነበሩ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶችንና ማተሚያ ቤቶችን ይጠይቁ፤ አሮጌ ፎንቶቹን ያላስወገዱ አሁንም አይጠፉም። የተበላሸውን ዴስክቶፕም አይጣሉት። የሞተው ኃይል ማከፋፈያው ወይም ማዘርቦርዱ ሊሆን ይችላል፤ ሃርድ ዲስኩ ደኅና ከሆነ ግን ባለሙያ አውጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ሲያገናኘው ፎንቶቹ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ፎንትስ በሚለው ሥር ይገኛሉ። ተገኝተው ሲጫኑ ጽሑፉ ወዲያውኑ በአማርኛ ይነበባል።

እዚህ ላይ አያቁሙ። ጽሑፉ እንደታየ በቅድሚያ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጡት፤ ፒዲኤፍ በአብዛኛው ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ይነበባል። ከዚያ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ለዚያ ፎንት ካለ ይጠቀሙ። ከሌለ ደግሞ በንጹሕ ወረቀት አትመው ስካን በማድረግ አማርኛ ከሚያነቡ የምስል ወደ ጽሑፍ መለወጫዎች በአንዱ፣ ለምሳሌ በጉግል ድራይቭ ወይም በነፃው ቴሰራክት፣ መልሶ ማስነበብ ይቻላል። እነዚህ መሣሪያዎች ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸውን ፊደላት ስለሚያምታቱ፣ በተለይ የሰዎችንና የቦታዎችን ስም አባትዎ ከሚያውቋቸው አንድ ሽማግሌ ጋር ሆነው ቢያርሙት ሥራው የተሟላ ይሆናል።

በነገራችን ላይ፣ በዩኒኮድ ተጽፈው በአዲስ ኮምፒውተር ላይ መልካቸው ብቻ የተቀየረባቸው ሰነዶች ያሏቸው አንባቢያን ሊሠጉ አይገባም። ኒያላ በዊንዶውስ 10ና 11 ላይ እንደ ተጨማሪ ምርጫ ስለሆነ የሚቀመጠው፣ ሴቲንግ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ከሚለው የኢትዮፒክ ፎንቶችን መርጦ መጫን ይበቃል።

«በምሠራበት አገር ገበያ 2 ቴራባይት የሚል ፍላሽ በጣም በቅናሽ ገዝቼ የእህቴን ሠርግ ቪዲዮና የቤተሰብ ፎቶ ሞልቼ ወደ አገር ቤት ላክሁ። እዚያ ሲከፍቱት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፎቶዎች ብቻ ይታያሉ፤ የቀረው አይከፈትም። ማስተካከል ይቻላል?»
አንባቢ፣ ከዱባይ

የፍላሹን የውስጥ ፕሮግራም ለውጠው ለኮምፒውተሩ ከእውነተኛ መጠኑ በላይ እንዲናገር የሚያደርጉ አጭበርባሪዎች አሉ፤ በላዩ 100 ኪሎ ተብሎ የተጻፈበት፣ ነገር ግን 3 ኪሎ ብቻ የሚይዝ ጆንያ እንደ መሸጥ ያለ ነው። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ፋይሉ በትክክል ይጻፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የፋይሉ ስም ብቻ እየተመዘገበ ይዘቱ ወይ ይጣላል፣ ወይ በቀደመው ላይ ይጻፋል። ኮምፒውተሩ «ተገልብጧል» ስለሚል ሰው አይጠራጠርም። ከመነሻው ያልተጻፈ ነገር ስለሆነ፣ መረጃ እናወጣለን ለሚሉ ሰዎች ለቀረው ፋይል ገንዘብ እንዳይከፍሉ። ቪዲዮው በእጅዎ ባለው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ካለ አያጥፉት፤ ከሌለም ሠርጉን የቀረጸውን ባለሙያ ሳይውሉ ሳያድሩ ይጠይቁ።

ለወደፊቱ ፍላሽም ሆነ ሜሞሪ ካርድ ሲገዙ፣ አንዳች ነገር ሳይገለብጡበት በዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው፣ በሊነክስና በማክ ደግሞ ኤፍ3 በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይፈትሹት። ፕሮግራሙ ፍላሹን ሙሉ በሙሉ በመፈተኛ መረጃ ሞልቶ መልሶ ያነብባል፤ ሐሰተኛ ከሆነ እውነተኛውን መጠን ይነግርዎታል። ትልቅ ፍላሽ ላይ ፍተሻው ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ የማይደገም ሠርግ ለሚቀመጥበት ዕቃ ግን ያ ሰዓት የሚቆጭ አይደለም።

«ለወንድሜ ልጆች ከዚህ ላፕቶፕ፣ ጌም ኮንሶልና ፕሪንተር ልልክላቸው ነው። የአሜሪካ ዕቃ አገር ቤት ይቃጠላል ይሉኛል፤ እውነት ነው?»
አንባቢ፣ ከሜሪላንድ

አሜሪካ ውስጥ የሶኬቱ ኃይል 120 ቮልት ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ 220 ነው። ወሳኙ በየዕቃው ወይም በቻርጀሩ ላይ በትናንሽ ፊደላት የሚጻፈው የኃይል መጠን ነው። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከሆነ በሁለቱም አገር ይሠራል፤ የላፕቶፕ ቻርጀሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም እንዲህ ናቸው። 120 ብቻ ወይም ከ110 እስከ 127 የሚል ከሆነ ግን 220 ላይ እንደተሰካ ሊቃጠል ይችላል። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩ ብዙ የሌዘር ፕሪንተሮች እንዲህ ስለሆኑ፣ ፕሪንተሩን ባይልኩ ይሻላል። ቀለሙም ሆነ መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝለትን ሞዴል እዚያው ቢገዙላቸው ገንዘቡ በትክክል ይውላል። ለላፕቶፑ ደግሞ ርካሽ የሶኬት መቀየሪያ ከመላክ ይልቅ፣ ከግድግዳው እስከ ቻርጀሩ ያለውን ገመድ ብቻ ሁለት ክብ እግር ባለው ገመድ እንዲቀይሩ ይንገሯቸው። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ዕቃ ስለሚጎዳ፣ ከኮንሶሉ ጋር ጥሩ ስታቢላይዘር እንዲጠቀሙም ያሳስቧቸው።

ኮንሶሉን ሲመርጡ ዲስክ የሚቀበለውን ይግዙ። ዲስክ አልባው በዋጋ ይቀንሳል፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ጌም ከኢንተርኔት ማውረድ ግድ ይሆናል። የዛሬ ትልልቅ ጌሞች ከ100 ጂቢ ስለሚያልፉ፣ በዳታ ፓኬጅ ለሚጠቀም ቤተሰብ ስጦታው ወርኃዊ ዕዳ ሊሆንበት ይችላል።

«የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አባቴ ለትምህርትም ለጌምም የሚሆን ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛልኝ ፈቅዷል። ሻጩ ኮር አይ7 ስለሆነ ማንኛውንም ጌም ያጫውታል ይላል። እንመነው?»
ተማሪ፣ ከአዳማ

በዚህ ምክንያት ብቻ አትመኑት። አይ7 የሚለው ስም ከአሥር ዓመት በላይ ሲያገለግል የቆየ ነው፤ የሁለተኛ ትውልድ አይ7 ከአሥራ ሁለተኛ ትውልድ አይ5 በእጅጉ ያነሰ ነው። ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር መነሻ (ለምሳሌ በ8550 ላይ 8፣ በ12700 ላይ 12) ትውልዱን ስለሚናገር እሱን አንብብ፤ ስምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ ለዊንዶውስ 11ም ይበቃል። ለጌም ወሳኙ ግን ግራፊክስ ካርዱ ነው። ታስክ ማናጀርን ከፍተህ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ጂፒዩ የሚለውን ተመልከት። የኢንቴል ስም ያለበት አብሮ የተሠራ ግራፊክስ ብቻ ከሆነ ቀላልና የቆዩ ጌሞችን እንጂ አዳዲሶቹን አይሸከምም። የኤንቪዲያ ወይም የኤኤምዲ ራሱን የቻለ ካርድ ካለው፣ የካርዱን ሞዴልና የሜሞሪ መጠን መዝግበህ የምትፈልገው ጌም ከሚጠይቀው ጋር አስተያይ።

ከአባትህ ጋር ሱቁ ስትሄዱ የምትፈልገውን ጌም በፍላሽ ይዘህ ሂድና ቻርጀሩ ተነቅሎ ግማሽ ሰዓት ያህል አጫውተው። በጌም ጊዜ ባትሪ ቶሎ መውረዱ የተለመደ ነው፤ ከ60 በመቶ ላይ በድንገት ከጠፋ ግን ባትሪው ሞቷል ማለት ነው። ቻርጀሩን ሰክተህ ስትጫወት ምስሉ በደቂቃዎች ውስጥ መቆራረጥ ከጀመረና ሥሩ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ማቀዝቀዣው በአቧራ ተሞልቷል ወይም በሙቀት ማስተላለፊያው ላይ የሚቀባው ፔስት ደርቋል። ይህ የሚጸዳና የሚስተካከል ስለሆነ ዋጋ ለማስቀነስ በቂ ምክንያት ይሆናል። የታችኛው ክዳን ካበጠ ወይም የመዳሰሻው ሰሌዳ (ታችፓዱ) ወደ ላይ ከተገፋ ግን ባትሪው አብጧል፤ ሊቀጣጠል ስለሚችል ባትሪው እዚያው ካልተቀየረ በስተቀር በምንም ዋጋ አትግዙት።